«ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ» ከተባለ በኋላ

ድሬዳዋ ውስጥ የሕፃን ላብ ማንንም አያስደነግጥም። በሚያዝያና በግንቦት ከሰዓት በኋላ ትልቁም ትንሹም ያልበዋል። ከዚራ ሠፈር የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ የሰባት ሳምንት ልጇን አመሻሹ ላይ በረንዳ ላይ ይዛ ስታጠባ ሕፃኗ ሦስት አራት ጊዜ ስባ ጡቱን ትለቃለች፤ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፤ እንደገና ትይዛለች፤ ግንባሯና ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላብ ችፍ ይላል። አያቷ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ሙቀቱ ነው፤ ልብሱን ቀንሺላት» ይላሉ፤ ቬንትሌተሩ ወደ ሕፃኗ ይዞራል። ሁለት ጊዜ ወደ አንድ ክሊኒክ ተወስዳ ሁለቱንም ጊዜ «የሳንባ ምች ነው» ተብላ ሽሮፕ ይዛ ተመልሳለች። በሦስተኛው፣ ሌላ ቦታ፣ የሕፃናት ሐኪሙ ማዳመጫቸውን ደረቷ ላይ አኑረው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ታዘዘ። ከኢኮው በኋላ ለእናቲቱ የተነገራት «ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር።

ሙቀት ያላበውን ሕፃን ልቡ ከደከመው ሕፃን መለየት እንደ ድሬዳዋ ባለ የቆላ ከተማ ቀላል አይደለም፤ ልዩነቱ ግን አለ። ሙቀት ያላበው ሕፃን ገላው ሁሉ ይሞቃል፤ ልብሱ ሲቀነስለትና ነፋስ ሲያገኝ ይደርቃል። ልቡ የደከመው ሕፃን ይበልጥ የሚያልበው ሲጠባ ነው፤ ላቡ ራሱና ግንባሩ ላይ ይበዛል፤ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ ማለዳ አየሩ ቀዝቀዝ ባለ ጊዜም አይቀርም። መጥባት ለሕፃን ዳገት እንደ መውጣት ያለ ሥራ ነውና ልቡ ትርፍ ዐቅም እንደሌለው መጀመሪያ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ሌላው ሕፃን በሩብ ሰዓት የሚጨርሰው ጡት አርባና ሃምሳ ደቂቃ ሲወስድበት፣ መሐል ላይ ደክሞት ሲተኛ፣ ብዙም ሳይቆይ ርቦት ሲያለቅስ፣ ክብደቱም ከሚዛን ሚዛን አልጨምር ሲል፣ ነገሩን በአየሩ ላይ ማሳበብ አይቻልም።

«ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ» የሚለው አነጋገር ሐኪሞች በተጣበበ ሰዓት ወላጅ እንዲገባው ብለው የሚመርጡት ነው። ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እጅግ ያጥራል። በእርሱ ሥር ጊዜ ጠብቆ ራሱ የሚደፈነውም፣ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚፈልገውም፣ እንዲያውም ቀዳዳው ከችግሮቹ አንዱ ብቻ የሆነበት ከባድ ሕመምም አብረው ይጠራሉ። ስለዚህ ወላጆች ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣታቸው በፊት ከሕመሙ ስም እኩል፣ በእኔ አስተያየት እንዲያውም ከስሙ አስቀድመው፣ ሊያውቁት የሚገባው ጊዜውን ነው፦ ይህ ልጅ እስከ መቼ መጠበቅ ይችላል? ከመቼ በኋላስ ይዘገያል?

ጥያቄው ለምን ይህን ያህል ክብደት እንደተሰጠው ለመረዳት የልብን አሠራር በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል። ልብ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ። ቀኙ ወገን ከሰውነት የተመለሰውን፣ ኦክሲጅኑ የተመናመነበትን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ግራው ወገን ከሳንባ ታድሶ የመጣውን ደም ተቀብሎ እስከ እግር ጣት ድረስ ይረጫል። ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ አጭርና ልል ስለሆነ ቀኙ በዝቅተኛ ግፊት ይሠራል፤ ግራው የሚሠራው በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ግድግዳ ነው። ይህ ግድግዳ፣ በሮቹና ትልልቆቹ የደም ሥሮች የሚበጁት በእርግዝናው ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ማለትም ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና በሚጠራጠሩበት ሰሞን ነው። በዓለም ዙሪያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል ከ8 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ይህ ግንባታ በአንዱ ወይም በሌላው በኩል ጎድሎ ይቀራል።

ከሁሉም የሚበዛው በሁለቱ የታችኛው ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ቀዳዳ ነው። ግፊቱ በግራ ስለሚበረታ፣ ወደ ሰውነት መሄድ የነበረበት የታደሰ ደም በቀዳዳው አልፎ እንደገና ወደ ሳንባ ይመለሳል። አንዱ ደም ሁለት ጊዜ ይጓዛል፤ ሳንባው በደም ይጥለቀለቃል፤ ልቡ ድርብ ሥራ እየሠራ ሰውነቱ ግን ድርሻውን አያገኝም። ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰው፣ በሳል በሽታ ደጋግሞ የሚያዘውና የማይወፍረው ለዚህ ነው። «ሲወለድ ደኅና ነበር፤ ምን ነካው?» ለሚለው የብዙ ወላጆች ጥያቄም መልሱ እዚሁ ነው። ሕፃን ሲወለድ የሳንባው የደም ሥሮች ገና ጠባብና ጠንካራ ናቸው፤ ግፊታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ በቀዳዳው ብዙ ደም አያልፍም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሥሮቹ እየላሉ ሲሄዱ መንገዱ ይከፈታል፤ ስለዚህ ምልክቱ ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ብቅ ይላል። በአርባ ቀን ክርስትና ሰሞን ማለት ነው፤ ሕፃኑ መጀመሪያ ሰው ፊት በሚወጣበት ጊዜ። «የሰው ዓይን በላው» የሚለው ወሬ የሚነሣውም በዚሁ መገጣጠም ይመስለኛል።

ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በራሱ ይጠብባል ወይም ይደፈናል። የሚገርመው፣ ትንሹ ቀዳዳ በማዳመጫ ሲሰማ ድምፁ ከትልቁ ሊጎላ ይችላል፤ ጠባብ ቧንቧ ውኃን እንደሚያፏጭ ማለት ነው። ስለዚህ «ድምፁ ኃይለኛ ነው» መባሉ ብቻውን ሊያስደነግጥ አይገባም። ትልቁ ቀዳዳ ግን አይጠብቅም። ለወራትና ለዓመታት በኃይል የሚገፋውን ደም የተሸከሙት የሳንባ የደም ሥሮች ራሳቸውን ለመከላከል ግድግዳቸውን ያወፍራሉ፤ ይጠነክራሉ። አንድ ደረጃ ካለፉ በኋላ ወደ ቀድሞ ልስላሴያቸው አይመለሱም፤ በዚያን ጊዜ ቀዳዳውን መድፈን ልጁን ይጎዳዋል እንጂ አይረዳውም፤ ሐኪሞችም ቀዶ ሕክምናውን ይከለክላሉ። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሕፃናት፣ ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር አብሯቸው የሚወለድ ሲሆን፣ ወደዚህ ደረጃ ከሌሎች ይልቅ ቶሎ ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። የሳንባው የደም ሥሮች መጠንከር ሲጀምሩ በቀዳዳው የሚያልፈው ደም ይቀንሳል። ሳንባው ከመጥለቅለቁ ይገላገላል። ሕፃኑ ትንፋሹ ይረጋጋል፣ ላቡ ይቀንሳል፣ ይበላል፣ እንዲያውም ይወፍራል። ቤተ ሰብ «ተመስገን፣ ተሻለው» ይላል፤ ቀጠሮ ይታለፋል። ይህ መሻል ቀዳዳው ጠብቦ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው እያለፈ መሆኑን የሚናገር ምልክትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ኢኮ ብቻ ነው፤ እናት በዓይኗ፣ ሐኪምም በጆሮው አይለዩትም። ትልቅ ቀዳዳ እንዳለበት የተነገረው ልጅ በድንገት ከተሻለው፣ ቀጠሮው የሚሰረዝ ሳይሆን ቀኑ እንዲቀድም የሚደረግ ነው።

ሁለተኛው ወገን የሚጠቁሩት ወይም ሰማያዊ የሚሆኑት ሕፃናት ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው ፈረንሳዊው ሐኪም ፋሎ እ.ኤ.አ. በ1888 አራት ጉድለቶችን በአንድነት የገለጸበትና በስሙ የሚጠራው ሕመም ነው። በእርሱ ከግድግዳው ቀዳዳ ጋር ወደ ሳንባ የሚወስደው መውጫ ይጠብባል፤ ስለዚህ ያልታደሰው ደም ወደ ሳንባ መሄድ ሲያቅተው በቀዳዳው በኩል ወደ ሰውነት ይሻገራል። መጻሕፍት «ከንፈሩ ይጠቁራል» ይላሉ፤ ነገር ግን በጥቁር ወይም በጠይም ልጅ ከንፈር ላይ ይህን መለየት ያስቸግራል። መታየት ያለበት ምላሱና ድዱ ነው፤ በቀን ብርሃን፣ ከአምፖል ርቆ። ጤናማ ሕፃን እጅና እግሩ ሲበርደው ቢጠቁርም ምላሱ ቀይ እንደሆነ ይቆያል።

እነዚህ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ጠዋት፣ ከረጅም ለቅሶ፣ ከመጥባት ወይም ከማማጥ በኋላ በድንገት በጣም ሊጠቁሩ፣ ትንፋሻቸው ሊፈጥንና ሊዝሉ ይችላሉ። በዚያች ደቂቃ ወላጅ የሚያደርገው ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ወይም ደረቱ ላይ አቅፎ ጉልበቶቹን አጥፎ ወደ ደረቱ ማስጠጋት፣ ማረጋጋትና በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ጉልበቱ ሲታጠፍ ወደ እግር የሚሄደው ደም መንገዱ ይጠብበትና የበለጠው ደም ወደ ሳንባ ይገፋል። ከፍ ያሉት ልጆች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያደርጉታል፤ በሐረር ጀጎል ጠባብ ዳገቶች ከእኩዮቹ ጋር እየሮጠ በየመሐሉ ቁጢጥ የሚል ልጅ «ሰነፍ» ከመባሉ በፊት ምላሱን ማየት ይገባል።

የቀሩትን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ሳንባውን አልፎ ደም የሚያሻግር አጭር የደም ሥር አለ፤ ከተወለደ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት መዘጋት ሲኖርበት ክፍት ሊቀር ይችላል። ያለጊዜያቸው በተወለዱትና በከፍታ ቦታ በሚወለዱት ሕፃናት ላይ ይበልጥ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ቦስተን ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ሮበርት ግሮስ ይህን ሥር በቀዶ ሕክምና መቋጠራቸው ለልጆች የልብ ቀዶ ሕክምና ፈር ቀደደ፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ደረት ሳይከፈት በጭን የደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይዘጋል። በላይኛዎቹ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ በአብዛኛው ለዓመታት የሚታገሥ ነው። በተቃራኒው፣ ትልልቆቹ የደም ሥሮች ቦታ ተለዋውጠው የተወለዱ ሕፃናት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይጠቁራሉ፤ ለእነርሱ ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓትና በቀን ነው።

ወደ ወላጆቹ እንመለስ። ኢኮው በታየ ማግሥት ቤት ውስጥ የሚጀመረው ምርመራ ከሆስፒታሉ የከፋ ነው። እናት በእርግዝናዋ ምን በላች? ማን አስደነገጣት? ከእኛ ወገን እንዲህ ያለ የለም፤ ከማን መጣ? እውነቱ በአብዛኛዎቹ ሕፃናት ላይ አንድ ተለይቶ የሚጠቀስ ምክንያት አለመገኘቱ ነው። የሚታወቁ ጥቂት ምክንያቶች አሉ፦ ያልተቆጣጠሩት የእናት የስኳር ሕመም፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የያዘ ሩቤላ (ኩፍኝ መሰል ሕመም)፣ የሚጥል በሽታን ጨምሮ ለአንዳንድ ሕመሞች የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ አልኮል፣ የክሮሞሶም ለውጥ፣ የቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ። ድንጋጤ፣ ኀዘን፣ ምች፣ የጎረቤት ዓይን ከእነዚህ ውስጥ የሉም። የቶንሲል ጉዳይም በዚህ አይገባም፤ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ በሮች ጉዳት በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚያጠቃ ቢሆንም ከተወለዱ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዓመት ወዲያ የሚመጣ ሌላ ሕመም ነው። ቀጣዩ ልጅም እንዲሁ ይሆናል ብሎ መፍራት ያለ ነው፤ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም አንድ ልጅ ካለ በቀጣዩ የመድገሙ ዕድል በአብዛኛው ከመቶ ከ2 እስከ 5 ነው፤ በእርግዝናው አጋማሽ አካባቢ የፅንሱን ልብ በአልትራሳውንድ ማየትም ይቻላል።

ለሐኪሙ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ቀደም ብለው በወረቀት ቢጻፉ ይመረጣል፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ሁሉም ይጠፋል። ቀዳዳው የት ነው፣ ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ ደሙ የሚያልፈው ወዴት ነው፣ የሳንባው ግፊት ከፍ ብሏል ወይ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ እስከ ስንት ወሩ፣ የሚቀጥለው ኢኮ መቼ ነው። የኢኮው ውጤት በወረቀት ይጠየቅ፤ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ወረቀት በጉዞ ይጠፋልና። ኢኮውን ያነሡት የአዋቂ ወይስ የሕፃናት ልብ ሐኪም እንደሆኑ መጠየቅም ነውር የለውም፤ የሕፃን ልብ ከራሱ ጭብጥ እምብዛም አይበልጥም፤ ንባቡም የተለየ ልምድ ይፈልጋል። በድሬዳዋና በሐረር ቤቶች አንድ ቤተ ሰብ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ ገበታ ላይ ይናገራል፤ ሕፃኑን ቀን ቀን የሚይዙት አያት በሌላው ቋንቋ የሚያስቡ ከሆነ ሐኪሙ ያለው በዚያው ቋንቋ በወጉ ሊነገራቸው ይገባል። አለዚያ ማታ የተሰጠው ትእዛዝ ጠዋት ይሻራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የማብላት ሥራ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሕፃን ክብደት ያስፈልገዋል፤ ክብደት እንዳይጨምር የሚከለክለውም ያው ሕመም ነው። መፍትሔው በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። መጥባት የሚያደክመው ከሆነ ወተቱ ታልቦ በንጹሕ ሲኒ ወይም በማንኪያ ይሰጠዋል፤ ጡጦ በተለይ ውኃ በማይታመንበት ቤት አይመረጥም። በመጨረሻ የሚታለበው ወተት ቅባቱ ስለሚበዛ ለእነዚህ ሕፃናት ይጠቅማል። ስድስት ወር ሲሞላው ገንፎው ላይ ቅቤ ወይም ዘይት፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ጉበት ይጨመራል። ለሚጠቁሩት ልጆች ብረት ያለው ምግብ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የደማቸው መጠን በላቦራቶሪ «ደኅና» ቢባልም ለእነርሱ ሊያንስ ይችላል።

መድኃኒቶቹ ብዙውን ጊዜ ለአዋቂ የተሠሩ እንክብሎች ናቸው። የልቡን ሸክም የሚያቀልሉት ፉሮሴማይድ ወይም ካፕቶፕሪል ይታዘዛል፤ እናቲቱ እንክብሉን አድቅቃ በታዘዘላት መጠን ውኃ ትበጠብጥና መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ከዚያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሊትር ስባ ለሕፃኑ ትሰጣለች። ጎረቤቴ ሲሪንጁ ላይ ትክክለኛውን መስመር በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጋበታለች፤ ሌሊት በስልክ መብራት ለይታ እንድታየው። የታዘዘው መጠን በሕፃኑ ክብደት የተሰላ ስለሆነ ሕፃኑ ሲያድግ መስተካከል አለበት፤ የሦስት ወር ልክ ለስምንት ወር አይበቃም። የረሱትን መጠን ለማካካስ እጥፍ መስጠት አደገኛ ነው፤ በተለይ የልብን ምት የሚያጠነክረውን ዲጎክሲን ቢያስታውከውም እንኳ ሐኪም ሳይጠየቅ አይደገምም።

ሙቀቱ እዚህ እንደገና ይመጣል። ፉሮሴማይድ ውኃን ከሰውነት በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፤ የሚወስደው ሕፃን በድሬዳዋ ሙቀት ላይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢጨመርበት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። የሚጠቁረው ሕፃን ሲደርቅ ደግሞ ቀድሞውንም የወፈረው ደሙ ይበልጥ ወፍሮ በአንጎል ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች ተቅማጥ ነገ የሚታይ ነገር አይደለም። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ለሙቀቱ ተብሎ ውኃ አይሰጥም፤ ጡት ይደጋገምለታል። ሽንቱ መቀነሱን መከታተል፣ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ሰዓት እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ከገረጣና ከቀዘቀዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ይወሰዳል። ልቡ የታመመ ልጅ የተለመደ ፍጥነቱ ከዚህ ከፍ ያለ ሊሆን ስለሚችል በደኅና ቀኑ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ቆጥሮ መጻፍ ይረዳል።

ክትባት አይቀርም፤ እንዲያውም ለእነዚህ ልጆች ከማንም ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል፤ የሳንባ ምች ቢይዛቸው ሊያደርስባቸው የሚችለው ጉዳት ከባድ ነውና። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ግን ፈጽሞ መከልከል አለባቸው፤ በንጹሕ ባልሆነ ስለት የገባ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ ልብ ውስጥ ቀዳዳው አጠገብ ሊሰፍር ይችላል። የከሰል ጭስ፣ ዕጣን፣ ሲጋራ ሕፃኑ ካለበት ክፍል ይውጡ። ጫት የምትቅም እናት ጉዳዩን ለሐኪሟ ሳትደብቅ ብትናገር ይሻላል፤ ከጫቱ የሚገኘው አነቃቂ ነገር በጡት ወተት እንደሚያልፍ የታወቀ ነው፤ ቀድሞውንም ለሚሮጥ ልብ ይህ አያስፈልገውም። ስለ ጠበልና ስለ ዱዓም ዝም ማለት ትክክል አይመስለኝም፤ ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የልጃቸውን ስለት ይዘው የሚወጡ ስንቶች ናቸው። ማንም ይህን አያስቀርም፤ መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ፤ ሰዓቱም አይታለፍ፤ ሕፃኑ በዚያ ብርድና ሕዝብ መካከል ከሚያድር ቤት ከሚጠብቀው ሰው ጋር ቢቆይ ይመረጣል።

በድሬዳዋ ድል ጮራ፣ በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪሞች ይከታተሉታል፤ ቀዶ ሕክምናው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ የተጀመረው በጎ አድራጎት እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ሊሆን በቅቷል። ተራ የሚጠብቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ተራው እንደ ምዝገባው ቀን ብቻ ሳይሆን እንደ ሕመሙ አጣዳፊነትም ስለሚታይ አዲስ ኢኮ፣ አዲስ ክብደት፣ አዲስ ምልክት ሲኖር ማሳወቅ ተራ መዝለል አይደለም። ስለ ጉዞው የሚጨነቁ ብዙዎች ናቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,900፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ከድሬዳዋ በላይ ያለውን የደንገጎ ዳገት ሲወጡ በጣት ላይ የሚታሰረው የኦክሲጅን መለኪያ ቁጥር በጤነኛም ሰው ላይ ጥቂት ይወርዳል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ የአዲስ አበባን ከፍታ ያህል ነው፤ ስለዚህ ለአብዛኛው ሕፃን የአንድ ሰዓት በረራ ከሙሉ ቀን የአውቶቡስ መንገድ አይከፋም። የሚጠቁረው ሕፃን ግን በየትኛውም መንገድ ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙ ይጠየቁ።

ገንዘቡ፣ ማደሪያው፣ የሥራ ፈቃዱ፣ ቤት የሚቀሩት ልጆች ጉዳይ ለሁለት ሰው የሚከብድ ነው። ዕድር ለሞት ብቻ ነው የሚል ልማድ አለ፤ የሐረሩ አፎቻም ለሰርግና ለለቅሶ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ቀድመው የነገሩ ቤተ ሰቦች ሌሊት ሕፃኑን የሚይዝ፣ እናቲቱን ሦስት ሰዓት የሚያስተኛ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመዱን የሚያገናኝ ሰው ከዚያው አግኝተዋል። የሚደበቀው ነገር ደግሞ የሚከፈለው በእናቲቱ እንቅልፍ ነው። አባቶች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ግድየለሽነት ተደርጎ ይቆጠርና ቤቱ ይቀዘቅዛል። ጎረቤቴና ባለቤቷ ሥራውን ተካፈሉት፤ እርሷ ማጥባቱን፣ እርሱ መድኃኒቱንና ትንፋሽ መቁጠሩን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቁጥሩን ደብተር ላይ ሲጽፍ «ዛሬ 52 ነው» ይላታል፤ ከበፊቱ ይበልጥ ይነጋገራሉ። ልጅቷ እንዳታለቅስ ቤቱ ሁሉ በእግር ጣቱ ይሄድ ነበር፤ ለእርሷ ዓይነት ቀዳዳ አጭር ለቅሶ እንደማይጎዳ፣ ተጠንቅቀው ማስታገሥ ያለባቸው የሚጠቁሩትን ሕፃናት እንደሆነ ሐኪሟ ሲነግሯቸው አያቷ እንኳ ትከሻቸው ዝቅ አለ።

አሁን ተራ ይጠብቃሉ። ማዕከሉ የያዘው የስልክ ቁጥር የአባትየው ነው፤ የእናቲቱና የአጎትየው ቁጥርም እንዲጨመር አድርገዋል፤ ሲም ካርድ ይጠፋልና። በር አጠገብ አንድ ቦርሳ ተንጠልጥሏል፦ የኢኮው ወረቀቶች፣ የክትባት ካርዱ፣ ሪፈሩ፣ ደብተሩ፣ ሲሪንጁ፣ የሁለት ሳምንት መድኃኒት። ስልኩ ሲደወል ሕፃኗ ትኩሳት፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ካላት ቀኑ ይዛወራል፤ ስለዚህ የተጠራበት ሳምንት ሲቃረብ ጠያቂ እንግዳ ጉንፋን ይዞት ከሆነ ከበረንዳው እንዳያልፍ አያቷ ራሳቸው በር ላይ ይቀመጣሉ። ደም ሊለግሱ የሚችሉ ሦስት ዘመዶች አዲስ አበባ ውስጥ ተነግሯቸዋል።